«አመለጠችኝ» ያልኩባቸው ማክሰኞዎች

ሦስት ዓይነት ሕክምና ሞክረውብኛል፤ ሦስቱንም ጠልቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው የሼኽ ንባብ ነበር፣ ሁለተኛው ክኒን፣ ሦስተኛው ወሬ። ወሬ ስል ስቀልድ አይደለም። የመን፣ ኤደን ከተማ ውስጥ፣ በየማክሰኞው ኮርማክሳር ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ እየሄድኩ፣ የማላውቃት ሐኪም ፊት ተቀምጬ የደረሰብኝን ማውራት ነበር ሕክምናው። እስካሁን ድረስ «አውሪው፣ ይቀልሻል» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ቀለለኝ አልቀለለኝም የሚለውን እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ለምን እንደወሰዱኝ ልናገር።

ያኔ እዚያው ኤደን፣ አሽ-ሸዕብ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጦርነቱ ገና አልመጣም። ከወሎ ተነስቼ፣ ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ባሕሩን ከተሻገርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ስነሳ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ታናሽ እህቴ አብራኝ ነበረች። ስደርስ ብቻዬን ነበርኩ። ይህን አሰሪዬ ማዳሟ አታውቅም፤ አገር ያለችው እናቴም አታውቅም። በየወሩ ተዋሂ በሚባለው የወደብ ሰፈር ካለ ስልክ ቤት እየደወልኩ «እሷ ሳዑዲ ገብታለች፤ የገባችበት ቤት ስልክ አያስነኩም፤ ሰላም ብላሻለች» እላት ነበር። እናቴም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ተባባልን።

እናቴን መዋሸት ቻልኩበት። ሰውነቴን ግን መደበቅ አልሆነልኝም። ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሞልቶ ሲፈስ ድምፁን ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከተለየኝ ቆይቷል። ማዳሟ ይህን ሁሉ ስንፍና ነው ብላ ኖራለች። አንድ ቀን ግን አምስት ዓመት የሆናትን ልጇን ይዤ ከሱቅ ስመለስ፣ መንገድ ስንሻገር አንድ ሚኒባስ አጠገባችን ጡሩምባውን ለቀቀው። የልጅቷን እጅ ጨበጥኩ። ቤት ደርሰን፣ በር ተከፍቶ፣ ጫማ ወልቆም አልለቀቅኳትም። ልጅቷ ታለቅሳለች። ማዳሟ «ፉኪሃ፣ ፉኪሃ» ትላለች፤ ልቀቂያት ማለቷ ነው። ሰማሁ፣ ገባኝ፣ መልቀቅም ፈለግኩ፤ ጣቶቼ እንቢ አሉ። የባልየው እናት መጥታ አንድ በአንድ ነቅላ አላቀቀቻቸው። የልጅቷ አንጓ ላይ አራት ጣቴ ሰምበር ሆኖ ቀረ።

«ወይ ትታከሚያለሽ፣ ወይ ትወጫለሽ» ተባልኩ።

አሮጊቷ ጂን ነው አለች። ሼኽ ተጠራ። መጣ፣ ቁርኣን ቀራብኝ፣ ለንባቡስ ምንም ክፋት አላገኘሁበትም፤ እንደውም ልቤ ረጋ ብሎ ነበር። ኋላ ግን የቀራበትን ውሃ ጎንጨት አድርጎ ፊቴ ላይ እፍ አለብኝ። ከዚያ የማስታውሰው የሼኹን እጅ ነክሼ መያዜን ነው። «ጂኑ ኃይለኛ ነው» ብሎ ሄደ። ጂን አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

ቀጥሎ ተዋሂ አንድ ሐኪም ዘንድ ተወስጄ ክኒን ታዘዘልኝ። ምን እንደሚያመኝ አልጠየቀኝም፤ የጠየቀው ማዳሟን ነው። ክኒኑ ቆሜ የምተኛ አደረገኝ። ሩዙን ሁለቴ አሳርሬ፣ ሦስተኛው ቀን ምድጃው እየነደደ ወንበር ላይ ደርቄ ስላገኘችኝ ማዳሟ ክኒኑን ራሷ ወስዳ ሽንት ቤት ከተተችው። በዚያ ቤት ለኔ የተደረገልኝ ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ለሩዙ ሲባል ነው።

በመጨረሻ ከጎረቤት ሰምታ «ዒያዳ ነፍሲያ እወስድሻለሁ» አለችኝ። ዒያዳ ክሊኒክ መሆኑን አውቃለሁ። ነፍሲያ የሚለውን ስሰማ ግን ደነገጥኩ። በኛ በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ነፍሲያ ማለት የሰው ስስቱ ነው፣ ለራሱ ብቻ ማሰቡ። አንድን ሰው «ነፍሲያው አሸነፈችው» ካልነው አዋርደነዋል። እኔ ደግሞ ባሕሩ ላይ ለማን እንዳሰብኩ አውቃለሁ። ይህች ሴት ከማን ሰማች፣ ማን ነገራት እያልኩ ሁለት ቀን ስብሰለሰል ሰነበትኩ። በዐረብኛ የመንፈስ ሕመም ማለት መሆኑን ያወቅኩት ክሊኒኩ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሐኪሟ ወጣት የኤደን ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ችኮላ የማታውቅ። ገና ሳያት ጠላኋት። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላት ሴት በሕይወቷ ምን አይታ ታውቃለች አልኩ በልቤ። ከጎኗ የተቀመጠው አስተርጓሚ ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው። እዚያው ኤደን ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ የመናዊ፣ እናቱ የኛ አገር ሰው። አማርኛን የተማረው ከእናቱ ጓዳ ሲሆን እሷ ከሞተች ወዲህ የሚያናግረው ሰው አላገኘም። ተዋሂን በድሮ የእንግሊዝ ስሙ «ስቲመር ፖይንት» ይላል፤ ተዋሂ ስንለው ይቆጣል። «ልጄ፣ እኔ አልመክርም፣ አልፈርድም። ዲዩቲዬ መተርጎም ነው» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። ዲዩቲውንስ በደንብ ቢሠራው ምን ነበረበት።

የሕክምናው ደንብ ይህ ነበር፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ያንን ቀን ከጅምሩ ትናገሪያለሽ። ስትጨርሺ እንደገና ከጅምሩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ እንደገና። «ነገሩ ደጋግሞ ሲነገር ጥርሱ ይደንዛል» ትላለች ሐኪሟ። ሁለት ማክሰኞ አልናገርም ብዬ የግድግዳውን ስንጥቅ ስቆጥር ዋልኩ። እሷ ጠበቀች፣ ሽማግሌው አንቀላፋ። ሦስተኛው ማክሰኞ ማዳሟ ከክሊኒኩ በር ላይ «ዛሬም ካልተናገርሽ ዕቃሽን ትሸክፊያለሽ» ስላለችኝ ተናገርኩ።

ዳርቻው ሲታይ ባለጀልባዎቹ ወታደር ፈርተው ጥልቁ ውሃ ላይ ዝለሉ አሉን። ያልዘለለውን በዱላ። እህቴን እጇን ይዣት ዘለልን። «ከዚያ» አልኩ፣ «ከዚያ አመለጠችኝ።»

አመለጠችኝ የሚለውን ቃል እንዲሁ አላመጣሁትም። ሦስት ዓመት መርጬ ያስቀመጥኩት ቃል ነው። ሳሙና ከእጅ ያመልጣል፣ ብርጭቆ ያመልጣል፤ ብርጭቆ ያመለጠውን ሰው ደግሞ ማንም ሰበርክ ብሎ አይከሰውም። ዓይኔን እንደጨፈንኩ የሽማግሌውን ትርጉም ስጠብቅ «ኡኽታሃ ሀረበት ሚንሃ» ሲል ሰማሁት።

የኔ ዐረብኛ የጓዳ ዐረብኛ ነው። አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ፣ ዝጊ። «ሀረበት» የሚለውን ግን ማንም ማስተማር አያስፈልገኝም። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ኤደን ገብታ መጀመሪያ የምትሰማው ቃል ነው፤ የእገሊት ሠራተኛ ሀረበት፣ ፓስፖርቷን ያዙባት እንዳትሀርብ። ጠፋች፣ ኮበለለች ማለት ነው። ሽማግሌው እህቴን አስኮበለላት።

ሐኪሟም እንዲያ ተረዳችው። ዳርቻው ላይ ደርሰን፣ ወታደር ሲመጣ እህቴ እግሬ አውጪኝ ብላ ከኔ የተለየች መሰላት። ወደኔ ጠጋ ብላ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ «ኢንሻአላህ ቲርጃዕ» አለችኝ። ትመለሳለች ማለቷ ነው። ይህንንም ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

አፌን ከፈትኩ። ተሳስታችኋል ልላቸው ነበር፣ የምሬን ነው። ግን ትመለሳለች ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማን ይለኛል፣ ለማን ነግሬ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ማክሰኞ እህቴ በዚያ ክፍል ውስጥ ነፍስ ዘርታ ኖረች። ሐኪሟ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ወዴት የምትሄድ ይመስልሻል? ሳዑዲ፣ ጂዛን። ምን ዓይነት ልጅ ናት? ምላሰኛ፤ ማንም አያዛትም፤ ወጥ ውስጥ በርበሬ አነሰ ብላ ከእናቴ ጋር የምትጣላ። አሁን ምን የምትሠራ ይመስልሻል? ልብስ ታጥባለች፣ የባለቤቲቱን ልጆች በአማርኛ ትሳደባለች። ሽማግሌው ይስቃል፣ ይተረጉማል፣ ሐኪሟም ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ወጥቼ ሚኒባስ ላይ ስሳፈር ሁለቱንም እጠላቸዋለሁ፤ እሷን ስላመነችኝ፣ እሱን ስላሳመነልኝ። ማክሰኞ እስኪመጣ ግን ቀኑ አይገፋልኝም ነበር።

ሕመሙ ቅንጣት አልተሻለኝም። እንዴት ይሻለኛል? የታከመችው ሌላ ሴት ናት። ታንከሩ ሲፈስ ያው ወለሉ ላይ ነኝ። ማዳሟ ልጇን ከኔ ጋር ወደ በር እንኳ አትልካትም። «ይህ ሁሉ ማክሰኞ ምን ፈየደ?» ትላለች፤ እውነቷን ነበር።

ሰባተኛው ማክሰኞ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጽ ተዘርግቷል። ሐኪሟ ፊቷ በርቷል። ሽማግሌው ተረጎመልኝ፤ የጠፉ ስደተኞችን የሚያፈላልግ ቢሮ አለ፣ ሳዑዲም ይጠይቃሉ፣ አገር ቤትም ይደውላሉ። የሚያስፈልገው የእህትሽ ስም፣ ዕድሜዋና የእናትሽ ስልክ ነው። «እናትሽን እነሱ ራሳቸው ያናግሯታል፤ አንቺ ምንም አትቸገሪም» አለኝ።

እናቴ ታየችኝ። ስልኩን አንስታ የማታውቀው ሰው «ልጅሽ ጠፍታለች፣ እየፈለግናት ነው» ሲላት። ሳዑዲ ናት፣ ሰላም ብላኛለች ስትላቸው። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስትሮጥ።

«ቅጹን ተዪው» አልኩ።

«ለምን?» አለ ሽማግሌው።

«ተዪው በላት።»

«ልጄ፣ ለደግሽ ነው እኮ። የጠፋ ሰው ይፈለጋል።»

ያኔ እሱን ትቼ ሐኪሟን አየኋት። ያለችኝን የጓዳ ዐረብኛ ሰብስቤ «ዶክቶራ፣ ማ ሀረበት» አልኳት፤ አልኮበለለችም። «አና ፈለትሀ። ፊል በሕር።» እኔ ነኝ የለቀቅኳት፤ ባሕር ውስጥ። «ፈለት» የሚለውን ከማዳሟ ነው የተማርኩት፤ ሳህን ስጥል በየጊዜው የምትለኝ ቃል ነው።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማተት?» አለችኝ። ሞተች ወይ።

«አይዋ» አልኩ፤ አዎ። ሞታለች ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ሽማግሌው ግን ደሙ ፈላ። «አንቺ ራስሽ አመለጠችኝ አላልሽም? እናቴ ዶሮዋ ስትጠፋባት አመለጠች ነበር የምትለው። ፍየሏም ስትፈታ አመለጠች ነበር የምትለው። ምን ላድርግ ታዲያ? ይህን ሁሉ ሳምንት ስሳሳት እየሰማሽ ዝም አልሽ?»

«አዎ፣ ዝም አልኩ» አልኩት። «አንተስ ዶሮና ሰው እንዴት አይለይልህም?»

እንባው መጣ። ሽማግሌ አስለቀስኩ፤ አልጸጸተኝም። ያን ዕለት ለማንም የማዝንበት ቦታ አልነበረኝም። ሐኪሟ ሁለታችንንም ዝም አሰኝታ ቅጹን አራት ቦታ ቀደደችው። ይቅር ይበልሽ አላለችኝም፣ አይዞሽም አላለችኝም። «በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደ አዲስ እንጀምራለን» ብቻ አለች። ያን ዕለት ጥላቻዬ ከእሷ ላይ ትንሽ ቀነሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው እውነተኛው ሕክምና ነው፤ ከሼኹም ከክኒኑም የከፋ። ዓይኔን ጨፍኜ እንዲህ እላለሁ፤ ሁለታችንም ዋና አንችልም ነበር። አንገቴን አንቃ ቁልቁል ጎተተችኝ። አጠገባችን አንድ ባዶ ጀሪካን ተንሳፈፈ። በአንድ እጄ ልይዘው አልቻልኩም። በሁለቱም ለመያዝ ለቀቅኳት። ሐኪሟ «የትኛው እጅ ነበር? ስትለቂ ምን ሰማሽ? ምን ቀመስሽ?» ትላለች። መልሼ እሰድባታለሁ፤ ሽማግሌው ስድቡንም ሳያስቀር ይተረጉመዋል። ያን ጊዜ ተምሮ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል «ይህ ምን ማለትሽ ነው?» ሳይል አይተረጉምም። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ያስደግመኛል። እንደ ትንኝ ያለ ሰው ነው፣ ግን ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልተሳሳተም።

ወሬው ሲያበቃ ሐኪሟ እጇን ትሰጠኛለች። አንጓዋን አጥብቄ እይዛለሁ፣ እስከ አስር ትቆጥራለች፣ እለቃለሁ። እንደገና። መጀመሪያ ሰሞን አልለቀቅ እያለኝ የሷም አንጓ ሰምበር አውጥቷል። እጅጌዋን ዝቅ አድርጋ ሌላ በሽተኛ ታስገባለች። እየቆየ ጣቶቼ መታዘዝ ጀመሩ። ሁለት ወር ያህል ሲሆን የማዳሟን ልጅ ሱቅ ወስጄ መለስኳት፤ በሩ ላይ ስንደርስ ለቀቅኳት፣ ሮጣ ገባች። ማዳሟ አይታ ምንም አላለችም። ሥራዬም በዚያው ቀጠለ። የታንከሩ ነገር እስከ ዛሬ አለ፤ ይህንን ዋሽቼ ድኛለሁ አልልም።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። «እናትሽስ?» አለች ሐኪሟ። የጠላሁት ጥያቄ ነው፤ እንደምትጠይቀኝም አውቅ ነበር። ብዙ ሳምንት ተዘጋጀንበት። እናትሽ ለምን ለቀቅሻት ስትልሽ ምን ትያለሽ? ብትጮህ ምን ታደርጊያለሽ? ሐኪሟ እናቴን ትሆናለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ሽማግሌው መሃል ላይ ይደክማል። «እጄ ነው የለቀቀው፣ የሚሰጥም ሰው አካሉ ራሱን ያድናል»፤ ይህን መልስ እስኪሰለቸኝ ድረስ አጥንቼዋለሁ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ተዋሂ ከስልክ ቤቱ ደወልኩ። ሰላምታ አላበዛሁም። እህቴ ሳዑዲ እንዳልገባች፣ ባሕሩ ላይ እንደቀረች፣ እጇን የለቀቅኳት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ያጠናሁትን አንድ ቃል ሳላስቀር አልኩት። እናቴ አልጮኸችም።

«እጅሽንማ አላህ ያውቀዋል» አለችኝ። «በውሃ የተያዘ ሰው ምን ያደርጋል። እኔም ብሆን እለቅ ይሆናል።»

ልቤ ሊያርፍ ነበር።

«ሦስት ዓመት ግን ሳይሰገድባት አቆየሻት» አለች። «ሰደቃ አልወጣላት፣ ሰው አልተቀመጠላት። እኔ በየሰላቴ አላህ ሆይ ዕድሜ ስጣት እያልኩ ለሞተች ልጅ ዕድሜ ስለምን ኖርኩ። ይህን ባሕሩ አላደረገውም። ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ ደረቅ ምድር ላይ ቆመሽ።»

ዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሳችም። ይህኛውን ማንም አላስጠናኝም።

ማክሰኞ ሐኪሟ እጇን ስትዘረጋልኝ አልያዝኩትም። «ስለ እጄ ይበቃናል» አልኳት። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ወደኔ ዘንበል ብሎ «ታዲያ ስለ ምንድን ነው የምትነግሪያት? ምን ብዬ ልተርጉም?» አለኝ።

«ዋሸሁ» አልኩት።

«ዋሸሁ ማለትሽ ምን ማለትሽ ነው?»

«ሌላ ምንም ማለት አይደለም። ዋሸሁ።»

ወደ ሐኪሟ ዞረ። «ከዘበት» አላት፤ ዋሸች። በትክክል ተረጎመው።